ቶም ሆላንድ አባት ፈላጊ ልጅ ከመሆን የሚወጣው መቼ ነው?

ሲኒማ_ወዳድ፦

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ሰሞኑን የቶም ሆላንድን ፊልሞች ከሥር ከመሠረቱ እያየሁ ነው። ስፓይደርማንን ብቻ አይደለም፣ ማንም የማያወራላቸውንም ጭምር። እና አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ይሄ ልጅ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው። ስሙ፣ ዘመኑ፣ አገሩ ይቀያየራል እንጂ ሰውየው ያው ነው፦ አባቱን የሚከተል፣ አባቱን ያጣ፣ ወይ አባት የሚሆነው ሰው የሚፈልግ ልጅ።

አላምንም የሚል ካለ ይከተለኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ2012 በወጣው ዘ ኢምፖሲብል ላይ ሉካስ ነው። የ2004ቱ ሱናሚ ታይላንድ ላይ ቤተሰቡን በትኖበት፣ ክፉኛ የቆሰለች እናቱን ይዞ የሚንከራተት፣ አባቱና ወንድሞቹ ይኑሩ ይሙቱ የማያውቅ ልጅ። በ2015 በቢቢሲው ዎልፍ ሆል ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሹም የቶማስ ክሮምዌል ልጅ ግሪጎሪ ነው፤ ያን ሁሉ የቤተ መንግሥት ጉዳይ የሚያሽከረክረው አባትየው ነው፣ እሱ ዳር ቆሞ ያያል። ዘ ሎስት ሲቲ ኦፍ ዚ ላይ ደግሞ ጃክ ፋውሴት ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ እንግሊዛዊው አሳሽ ፐርሲ ፋውሴት በ1925 የጠፋ ከተማ ልፈልግ ብሎ የመጀመሪያ ልጁን አስከትሎ አማዞን ጫካ ገባ፣ ሁለቱም አልተመለሱም። ኦንዋርድ የሚባለው የ2020 አኒሜሽን ላይ ድምፁን የሰጠው ልጅ፣ እሱ ሳይወለድ የሞተ አባቱን ለአንድ ቀን በአስማት ለማምጣት ይሞክርና ግማሹን፣ ከወገብ በታች ያለውን ብቻ ያመጣዋል። ዘ ዴቭል ኦል ዘ ታይም ላይ ራሱን ያጠፋ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ይዞራል። ፒተር ፓርከርንና (ስፓይደርማንን) እንደ አባት የሚያየውን ቶኒ ስታርክን (አይረንማንን) ተዉት፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን የጥንቱን የግሪክ ታሪክ ኦዲሲን ሲሠራ ምን ሰጠው? ቴሌማከስን! ሃያ ዓመት የጠፋ አባቱን የሚፈልገውን ልጅ። ኖላንም እኔ ያየሁትን ያየ ይመስለኛል።

እኔ ይሄን እንደ ድክመት አልቆጥረውም። እዚህ ቦታ ላይ የሚስተካከለው እኩያ አላየሁም። ችግር የሚመጣው ከዚያ ልውጣ ሲል ነው። ቼሪ የሚባለውን ፊልም ያየ ይፍረደኝ። ምን ትላላችሁ?

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦

ስፓይደርማንን "ተዉት" ብሎ ማለፍ ምን የሚሉት ነው? ዋናው ማስረጃህ እኮ እዚያ ነው ያለው።

ሆምካሚንግን (2017) አስታውስ። ልጁ የሚወዳትን ልጅ ለትምህርት ቤት ዳንስ ሊወስድ ቤቷ ሄዶ ያንኳኳል። በሩን የሚከፍተው አባቷ ነው፤ አባቷ ደግሞ ከዚያ በፊት ሲዋጋው የነበረው ክንፍ ያለው ሰውዬ፣ ማይክል ኪተን። ከዚያ መኪና ውስጥ ያለው ትዕይንት! ሰውየው በመስታወት እያየው፣ በወሬ በወሬ እያደረገ ማንነቱን ይደርስበታል። ሆላንድ እዚያ ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ግን ፊቱን እዩት። የጀግና ፊት አይደለም፣ የልጅቷ አባት የያዘው ልጅ ፊት ነው። ማርቭል ከሠራቸው ፍንዳታዎች ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ ያ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሕንፃ ይወድቅበታል። ቶኒ ልብሱን ነጥቆታል፣ የለበሰው ቤቱ የሰፋውን ነው። ፍርስራሹ ሥር ሆኖ "እርዱኝ" እያለ የሚጮኸው እንደ ሕፃን ነው። ከሱ በፊት የነበሩት ቶቢ ማጓየርና አንድሩ ጋርፊልድ ጎበዞች ናቸው፣ አልካድኩም። ግን ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ሆነው ነው ተማሪ ነኝ የሚሉን። ይሄኛው ሲመረጥ 19 ዓመቱ ነበር፣ ሲያለቅስ እውነትም ልጅ ነው የሚያለቅሰው። አቬንጀርስ ኢንፊኒቲ ዋር ላይ ቶኒ ላይ ተጠምጥሞ ወደ አመድነት ሲቀየር ሲኒማ ቤቱ ውስጥ የነበረው ዝምታ ትዝ ይለኛል፤ ሌሎቹ ጀግኖች ሲሞቱ ሰው "ውይ" ብቻ ነበር ያለው።

ዳንሰኛው፦

ሲኒማ ወዳድ፣ ሐሳብህ ልክ ነው ግን ዋናውን ዘለልከው። የልጁ የመጀመሪያ ሥራ ፊልም አይደለም፣ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። ቢሊ ኤሊየት። ለንደን፣ ቪክቶሪያ ፓላስ ቴአትር። ሆላንድ ኪንግስተን ነው የተወለደው፣ 1996። ልጅ ሆኖ ዊምብልደን አካባቢ የዳንስ ትምህርት ይማር ነበር፣ አንድ የዳንስ ፌስቲቫል ላይ ዓይን ገባ። ከዚያ በኋላ ወዲያው መድረክ ላይ አላወጡትም፤ ሁለት ዓመት ያህል ባሌት ምናምን አስለመዱት። በ2008 ሰኔ ላይ መጀመሪያ የቢሊን ጓደኛ ማይክልን ሆኖ ወጣ፣ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ቢሊን ራሱን ያዘ። እስከ 2010 ድረስ ከሌሎች ልጆች ጋር እየተፈራረቀ ሠራው። የሚፈራረቁት ወደው አይደለም፣ አንድ ልጅ በየማታው ቢሠራው ይወድቃል። ሦስት ሰዓት ገደማ ትዘፍናለህ፣ ባሌት ትደንሳለህ፣ ታፕ ትደንሳለህ፣ ታለቅሳለህ።

ታሪኩስ ምንድነው? በ1984 የእንግሊዝ ማዕድን ሠራተኞች አድማ መትተው፣ እናቱ የሞተችበት የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ባሌት ልደንስ ይላል፣ አባቱ አይሆንም ይላል፣ በኋላ ያው አባት ለልጁ ብሎ አድማውን ጥሶ ወደ ሥራ ሊገባ ይነሳል። እንግዲህ ቁጠር። ገና ከመጀመሪያው ቀን አባትና ልጅ ነው።

እኔ ግን የምጨምረው ሌላ ነገር አለ። ይሄ ልጅ የሚተውነው በፊቱ አይደለም፣ በገላው ነው። ስፓይደርማን ልብስ ውስጥ ፊት አይታይም፣ አፍ አይታይም። ካፒቴን አሜሪካ ሲቪል ዋር ላይ አየር ማረፊያው ውጊያ ውስጥ ሲገባ ግን ጭንብሉን ሳያወልቅ ልጅ መሆኑ ይገባሃል። እጁን ያወናጭፋል፣ ይቸኩላል፣ አረፍ ብሎ መቆም አይችልም። ብዙውን ከባድ ነገር ስታንት የሚሠሩ ሰዎች እንደሚሠሩት ይታወቃል፤ ግን ያ የሰውነት ጠባይ ከዳንስ ቤት የመጣ ነው። ሊፕ ሲንክ ባትል የሚባለው የቲቪ ውድድር ላይ በ2017 በሪሃና አምብሬላ የደነሰውን ያላየ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ይይ። ዝናቡ፣ ዣንጥላው፣ አጭር ቁምጣው... ያንን የሚያደርግ የልዕለ ጀግና ተዋናይ ሌላ ጥሩልኝ።

እውነቱን_ልናገር፦

እኔ ግን ትንሽ ላበላሽባችሁ ነው። ልጁ ጥሩ ነው፣ እሺ። ግን እድለኛም ነው። አባቱ ዶሚኒክ ሆላንድ በእንግሊዝ የታወቀ ኮሜዲያን ነው፣ እናቱ ፎቶ አንሺ ናት። ቤቱ ውስጥ መድረክ ማለት ምን እንደሆነ እያየ ነው ያደገው። የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ሆኖ መተወንና የማዕድን ሠራተኛ ልጅ ሆኖ መወለድ ለየቅል ናቸው።

ሁለተኛ፣ የምትዘረዝሩት "አባት ፈላጊ" ነገር የሱ ምርጫ አይደለም። ሆሊውድ ወጣት ወንድ ሲያይ የሚሰጠው ገፀ ባሕርይ ሁሉ እንደዚያ ነው። የማን ጀግና ነው አባት ያለው? ባትማን የለውም፣ ሱፐርማን የለውም፣ ሲምባ የለውም። ስለዚህ ግኝት አስመስላችሁ አታቅርቡት።

ሲኒማ_ወዳድ፦

ሃሃሃ ሲምባን አመጣህብኝ። ይሁን። ግን ልዩነቱን እይ፤ ባትማን አባቱን አጥቶ ቂመኛ ሆነ። የሆላንድ ልጆች ቂም አይዙም። ይጠብቃሉ። "እንዲህ ባደርግ ትኮራብኛለህ?" የሚል ዓይን ነው ያላቸው። ቶኒ ስታርክን የሚያይበትን ዓይንና ሎስት ሲቲ ላይ አባቱን የሚያይበትን ዓይን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው፣ አንድ ናቸው። እዚያ ፊልም ላይ ጃክ መጀመሪያ አባቱ ላይ ተቆጥቶ የሚጮህ ልጅ ነው፣ ጥለኸን ሄድክ ብሎ። በኋላ ግን እንሂድ ብሎ የሚጎተጉተው ራሱ ነው። ይሄን መታጠፍ ብዙ ሳይወራ በጥቂት ትዕይንት ነው የሠራው።

ስለ አባቱ ካነሳህ ደግሞ ዶሚኒክ ልጁ እንዴት በዝና እንደበለጠው የሚያወራ መጽሐፍ ጽፏል፣ በቀልድ መልክ። ይሄስ ለኔ ነው ላንተ ነው የሚመሰክረው?

ማክዳ_ዲሲ፦

ስለ ቼሪ ማንም አልተነፈሰም፣ እኔ ልተንፍስ። በ2021 አፕል ቲቪ ላይ ነው የወጣው፣ ዳይሬክተሮቹ አቬንጀርስን የሠሩት ሩሶ ወንድማማቾች ናቸው። ልጁ ኢራቅ ሄዶ የጦር ሜዳ ሐኪም ሆኖ ይመለሳል፣ ያየው ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ሱስ ውስጥ ይገባል፣ ለሱሱ ባንክ ይዘርፋል። ሆላንድ ለፍቷል፣ ከስቷል፣ ተንቀጥቅጧል፣ ተላጭቷል። ግን እየለፋ እንደሆነ ይታያል። ዳይሬክተሮቹም አልረዱትም፤ ካሜራው ይገለባበጣል፣ ቀለሙ ይቀያየራል፣ ልጁ ወደ ካሜራ ዞሮ ያወራል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያዝን እንይ እንጂ!

ክራውድድ ሩም ላይም ያው ነው። በ2023 የወጣ አሥር ክፍል ድራማ ነው፣ ሆላንድ ፕሮዲዩሰርም ነበር። 1979፣ ኒው ዮርክ፣ ተኩስ፣ አንድ የሚጠየቅ ልጅ። ሥራው ከብዶት ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አርፋለሁ አለ። ተቺዎች ቀጠቀጡት፣ እኔም በከፊል አብሬ ቀጥቅጫለሁ፤ ምክንያቱም ድራማው አንድ ምስጢር ለብዙ ክፍሎች ይደብቅሃል፣ ምስጢሩ ግን ከሁለተኛው ክፍል ጀምሮ የታወቀ ነው። ልጁ ራሱ ውስጥ...

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦

ኧረ በናትሽ ማክዳ አትጨርሺብኝ! ገና አራተኛው ላይ ነኝ።

ማክዳ_ዲሲ፦

አራተኛው ላይ ሆነህ ካልገባህ አዝናለሁ ወንድሜ። 😄 እሺ ምስጢሩን ትቼዋለሁ። ግን መጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ምስጢሩ ከወጣ በኋላ ያለው ትወና በጣም ጥሩ ነው። ከአማንዳ ሳይፍሬድ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው የሚያወሩት። እናቱን የምትሠራው ኤሚ ሮሰም ደግሞ ከሱ በአሥር ዓመት እንኳ አትበልጥም፣ እሱ ትንሽ ከነከነኝ። እና ሲኒማ ወዳድ፣ እዚያም ክፉ እንጀራ አባት አለ። ለዝርዝርህ ያዝልኝ።

ገረመኝ፦

ሁላችሁም ትንተና ላይ ናችሁ፣ ስለ ፍቅረኛው ዜንዳያ የሚያወራ የለም? በ2025 ጃንዋሪ ጎልደን ግሎብ ላይ ቀለበቱን አድርጋ ስትመጣ ዓለም ሁሉ አብዶ ነበር እኮ።

ሲኒማ_ወዳድ፦

እንኳን ደስ አላቸው። ቀጣይ።

ቲቲ_ለንደን፦

እኔ ደግሞ ሮሚዮና ጁልየትን አይቻለሁ፣ 2024፣ ዱክ ኦፍ ዮርክስ ቴአትር። ቲኬቱ ወጥቶ በጥቂት ሰዓት ነው ያለቀው፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተርፎት ነው የገባሁት። ዳይሬክተሩ ጄሚ ሎይድ ነው። መድረኩ ባዶ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ማይክ አላቸው። ካሜራ የያዘ ሰው ይከተላቸዋል፣ ፊታቸው ትልቅ ስክሪን ላይ ይታያል። ሮሚዮ ከከተማ ሲባረር ሆላንድ ከመድረኩ ወጥቶ ቴአትር ቤቱ ጣሪያ ላይ ይሄዳል፣ እኛ ከውስጥ ሆነን በቀጥታ በካሜራ እናየዋለን።

ዳንሰኛው ላለው ነገር መልስ አለኝ። እዚያ አንድ ጊዜ አልዘለለም። ሰው ሁሉ ስፓይደርማን ሰገነቱ ላይ ሲወጣ ለማየት መጥቶ እሱ ቆሞ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ በጆሮህ እንደሚያወራህ ሆኖ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ በጣም ቀዘቀዘብኝ፤ እየቆየ ግን ያዘኝ። ቲባልትን ከገደለ በኋላ በደም ተነክሮ ሲቆም ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ፊልሞቹ ላይ አላየሁትም። ጁልየትን የሠራችው ፍራንቼስካ አሜዉዳ-ሪቨርስ ደግሞ ከሱ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። ጥቁር ስለሆነች ብቻ ገና ቴአትሩ ሳይጀመር ኢንተርኔት ላይ ያወረዱባት ስድብ ነውር ነበር፣ የጄሚ ሎይድ ኩባንያ መግለጫ እስኪያወጣ ድረስ።

እና ሲኒማ ወዳድ፣ ይሄ ሥራ ያንተን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ሮሚዮ አባቱን ዞር ብሎም አያይም።

ሲኒማ_ወዳድ፦

ቲቲዬ፣ ቀናሁብሽ። ግን ሮሚዮ ሰው ገድሎ ሲባረር የሚሮጠው ወደ ማን ቤት ነው? ወደ መነኩሴው። የሚያጋባው ማን ነው? መነኩሴው። መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ ተነስ አንተ ልጅ ብሎ የሚቆጣውስ? እኔ ዝርዝሬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ይቅርታ። 😂

ቲቲ_ለንደን፦

አንተ እንግዲህ ካሰብከው ሊቀ ጳጳሱንም አባት ታደርገዋለህ።

እውነቱን_ልናገር፦

አንቻርትድስ? እዚያ ማንን ፈለገ? ወርቅ ነው የፈለገው። ፊልሙ 400 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አስገብቷል፣ ግን ትወናው ቀሽም ነው።

ማክዳ_ዲሲ፦

የጠፋ ወንድሙን ነው የሚፈልገው፣ ወርቁ ምክንያት ነው። ማርክ ዋልበርግ ደግሞ እንደ አጎት ነገር ሆኖ ያታልለዋል። ግን ቀሽም ያልከው ላይ ቶም ራሱ ይስማማሃል። ፊልሙ ገና ሳይወጣ ለጂኪው መጽሔት ሲናገር፣ ካሜራ ፊት አምሬ ልታይ ብዬ መጨነቅ ጀመርኩ፣ እንደዚያ ስታደርግ ገፀ ባሕርዩን መሥራት ታቆማለህ ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ፊልሙን ልሽጥ የሚል ተዋናይ እንዲህ ብሎ ሲያወራ ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ለዚህ ነው የምወደው።

ዳንሰኛው፦

እሱ ማውራት አያቅተውም። ያልወጣ ፊልም ሁላ ሲያወራ ማርቭል ስክሪፕቱን ሙሉውን አንሰጥህም ብለውት ነበር እኮ።

አንድ ልጨምር፣ አሜሪካዊ መስሎ መተወኑስ? ሆምካሚንግ ሊሠራ ሲል ብሮንክስ የሚገኝ የሳይንስ ትምህርት ቤት በሌላ ስም ተማሪ ሆኖ ገብቶ ለጥቂት ቀን ተምሯል። ስፓይደርማን ነኝ ቢል ማንም አላመነውም። አሁን እንግሊዝኛውን በራሱ አክሰንት ሲያወራ የሚደነግጥ ሰው አለ።

የአራት_ኪሎ_ልጅ፦

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመልሳችሁ፤ መቼ ነው የሚወጣው? እኔ ኖ ዌይ ሆም ላይ ወጥቷል ባይ ነኝ። ፊልሙ ከ1.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ሦስቱ ስፓይደርማኖች ስለተገናኙ ነው ይባላል፣ ልክ ነው። መጨረሻውን ግን አስታውሱ። ቶኒ ሞቷል። አክስቱ ሜይ እጁ ላይ ሞታለች። ከዚያ ዓለም ሁሉ እንዲረሳው ራሱ ይጠይቃል። የሚወዳት ልጅ ቡና በምትሸጥበት ቤት ገብቶ እውነቱን ሊነግራት ወረቀት ይዞ ይቆማል፣ ግንባሯ ላይ ፕላስተሩን ያያል፣ ሳይነግራት ይወጣል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም "ጎበዝ" አይለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ወሰነ። ሆላንድም እዚያ ጋ ድምፁ ራሱ ተቀይሯል።

ሲኒማ_ወዳድ፦

ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። ለዚህም ነው የ2026ቱ ጁላይ የሚያጓጓኝ። ኦዲሲ 17 ላይ፣ አዲሱ ስፓይደርማን ብራንድ ኒው ዴይ ደግሞ 31 ላይ እንዲወጡ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። በሁለት ሳምንት ልዩነት አንዱ ላይ አባቱን የሚፈልግ ልጅ፣ ሌላው ላይ የሚያውቀው እንኳ የሌለ ብቸኛ ሰው። እኔ ብሩን የማወጣው ለመጀመሪያው ነው፤ ማት ዴመን አባቱን ኦዲሲየስን ሆኖ ቤቱ ሲመለስ የሆላንድን ዓይን ማየት እፈልጋለሁ።

እውነቱን_ልናገር፦

እኔ ለሁለተኛው። ማንም የሚያይለት ሰው በሌለበት ምን ይሠራ ይሆን? እዚያ ከወደቀ ያልኩት ልክ ነው ማለት ነው።

ገረመኝ፦

እሺ ስፓይደርማንን ብቻ ያየ ሰው ከየት ይጀምር? ፍላሽ ላይ ላስጭን ነው፣ ቶሎ በሉ።

ማክዳ_ዲሲ፦

ዘ ኢምፖሲብል። ናኦሚ ዋትስን ለኦስካር ያሳጨው ፊልም ነው፣ ግን ግማሹን የተሸከመው የ14፣ 15 ዓመቱ ልጅ ነው። ሆስፒታል ውስጥ እናቱ፣ ሂድና ሰው እርዳ ትለዋለች። ልጁ ስም በወረቀት ጽፎ፣ ከአልጋ አልጋ እየሮጠ የማያውቃቸውን ሰዎች ቤተሰብ ይጠራል። አንድ አባትና ልጅ ያገናኛል፤ ሮጦ ለእናቱ ሊነግር ሲመለስ አልጋዋ ባዶ ነው። ከዚያ ዘ ዴቭል ኦል ዘ ታይምን ጨምር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከሮበርት ፓቲንሰን ጋር የሚፋጠጡበትን ሳትዘል እይ። ደም ካልወደድክ ግን እሱን ተወውና ኦንዋርድን ከታናናሾችህ ጋር እይ።

ገረመኝ፦

ቼሪንስ? ባለ ሱቁ አብሮ በነፃ እጭንልሃለሁ እያለኝ ነው።

ማክዳ_ዲሲ፦

በነፃ ከሆነ ጫን። ቦታ ሲጠብህ መጀመሪያ የምታጠፋው ይኖርሃል።